ቀይዋ መብራት

ሬሆቮት፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣ አብነር ሱቅ ገባሁ፤
"ፈጣን የሚባለውን ካርድ አምጣ" አልኩና ጠበቅሁ።
ጥፍር የምታህል ነገር መዳፌ ላይ አኖረ፤
"ሦስት መቶ!" ብሎ ደማቁን ቁጥር እየነካ ተናገረ።

ማሸጊያውን ገለበጥኩት። ከጀርባው፣ ከታች ጥግ፣
ሌላ ቁጥር አለች፣ ጉንዳን የምታህል፣ የምትሸሸግ።
"ሦስት መቶው ለማንበብ ነው፤ ለመጻፍስ ስንት ነው?"
አብነርን ሳል ያዘው፣ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው።
ሲያነብማ ማን ሰነፍ አለ? ጭንቁ ሲጽፉ ነው።

አልነገርኩትም እንጂ፣ ምክንያት አለኝ እኔ።
አሽዶድ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ ባለፈው ሰኔ፣
ሙሽራው ከሁፓው ሥር እግሩን ወደ ላይ ሰቀለ፤
ብርጭቆው ከታች፣ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ።
አባ ዋሴ፣ የሙሽሪት አባት፣ በተዋሱት ክራቫት
ዘብ መስለው ተገትረዋል። ቂርያት ሞሼ፣ ሠላሳ ዓመት፣
ጥርሳቸውን ያየ የለም ይባልላቸዋል።

ተጫንኩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።
እግሩ ወረደ። "ማዛል ቶቭ!" አዳራሹ ፈነዳ።
አባ ዋሴ ሳቁ፤
ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ እስኪወጣ፣
ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ያላወቁትን ሰው ክንድ ይዘው፣
በቀሩት አራት ጥርሶች ሁሉ።
ተጫንኩ፣ ዝም።
ተጫንኩ፣ ዝም።
ቀይዋ መብራት ብቻ ትርገበገባለች፤
"ቆይ፣ ልጻፍ፤ ቆይ፣ ልጻፍ" ትላለች፣
ሻይዋን ሳትጨርስ ቀና እንደማትል የመታወቂያ ቢሮ ጸሐፊ።
ጽፋ ስትጨርስ ሳቁ የለም።

አልበሙ ላይ እግሩ አየር ላይ ነው፤
ቀጥሎ ባለው ፎቶ እንግዳው ያጨበጭባል።
በሁለቱ መሐል ጣት የማትሞላ ነጭ ወረቀት።
ኦርታል፣ ሙሽሪት፣ ሁለቴ ደወለችልኝ፦
"አባዬ ሳቀ ይላሉ፤ እኔ ዓይነ ርግቡ ጋርዶኝ አላየሁም።
ፎቶው የታል?"
"እፈልገዋለሁ" አልኳት።
ያልተጻፈ ነገር የት ይፈለጋል?

"አራት መቶ ሰባ ሼቄል" አለ አብነር።
"እዚሁ ልሞክረው" ብዬ በሩ ላይ ቆሜ
አውቶቡሱን፣ እርግቧን፣ ሽንኩርት የታቀፈችውን ሴት፣
አብነርን ሲያዛጋ፣
ስልሳ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ።
ቀይዋ ብልጭ አለች፣ ጠፋች። አልተንተባተበችም።
ከፈልኩ።

ማታ፣ ቂርያት ሞሼ፣ ከሕንፃው ሥር፣ አግዳሚው ላይ
አባ ዋሴ ብቻቸውን፣ ክንዳቸውን አጣምረው።
አጠገባቸው ተቀመጥኩ።
ካሜራው ጉልበቴ ላይ፣ ክዳኑ ተከፍቶ።
ብዙ ዝም አልን።
"ቀልድ ታውቃለህ?" አሉኝ።
"አላውቅም" አልኳቸው፤ "እርስዎስ?"
"አንዲት ነበረችኝ" አሉ። "ረሳኋት።"