ግራ ያጋደለ

ከደሴ ቁልቁል ሐረጎን ስንወርድ፣
ሚኒባሱ ሲያላትመኝ ከመስኮት ከባዕድ፣
አንዴ በግራ እጥፋት፣ አንዴ በቀኝ ዞሮ፣
በጉያዬ ይናጣል የአምባነሽ ጠጅ ታሽጎ፣ ተቋጥሮ፤
ክሱም አብሮ ተለጥፏል በጠርሙሱ አንገት፦
«ሽቶ አለበት ይላሉ፤ ይጣራ እውነት።»

እኔ ጠጅ ቀምሼ አላውቅም። ቤታችን ብርዝ ነው፣
የእናቴ ማር ሳይፈላ በጠዋት የሚያልቀው።
ማሽተቱን ግን በእኔ ላይ ማን ከለከለው?

ከቦርከና ማዶ፣ ከጠባቧ ክፍል፣
ጄኔሬተሩ ደጅ ቆሞ ሲያጉረመርም ሲል፣
መርፌዋ ጠብታ መጥና ከመሣሪያው አፍ ትጥላለች፤
የጠጁ ነፍስ ተንና ቱቦውን ትይዛለች፦
ሠላሳ ሜትር መንገድ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ፣
የውስጥ ግድግዳው በስኳር ቀለበት ተኩሎ።

ሊናሎል ይሏታል። አበባ ውስጥ ያለች ሽታ ናት።
መንታ ናት፤ አንዷ ለሌላዋ የመስታወት ምስል ናት።
አንድ ክብደት፣ አንድ መፍያ፣ አንድ ስም አላቸው፤
ግን እንደ ጓንት ነው፣ የግራውን ለቀኝ ብታጠልቀው
አውራ ጣት መግቢያ ያጣል።
የስኳሩ ቀለበት አንዷን ጨብጦ ያዘገያል፣
ሌላዋን በሩቁ ሰላም ብሎ ያሳልፋል።

እኔም ግራኝ ነበርኩ። ቁርአን ቤት ሳለሁ
ሉሑን በግራ ብነካ፣ በሻሽ ታሰርኩኝ።
«ቀኝ ያውልህ» ሲሉኝ «አሚን» እያልኩ አለቀስኩ።
ዛሬም ቀኜ ይጎርሳል፣ ግራዬ ይጽፋል፤
ሁለቱም አንድ ስም ይፈርማሉ፣ ፊርማቸው ይለያያል።

አበባ ያጋድላል፤ እኩል ማካፈል አያውቅም፣
ግራዋም ወደ ግራ ነው፤ ስሙን በከንቱ አይሸከምም።
ፋብሪካ ግን ሃምሳ ግራ፣ ሃምሳ ቀኝ ያደላድላል፣
ግራ ቀኙን ሰምቶ የፈረደ ዳኛ ይመስላል።

ወረቀቱ ወጣ።
ሁለት ጫፍ። ቁመታቸው እኩል፣
አንድ አናጢ የጠረባቸው የበር መቃን ይመስል።

ግራ ገባኝ። ደወልኩላት።
«እትዬ፣ ምን ጨመሩበት?»
ከኩታበር ነፋስ ብቻ ነበር በስልኩ የመጣው፤
በኋላ «ዘንድሮ፣ ሽፋው፣ ከግራዋው ላይ ጠፋ አበባው፤
ንቦቼ በስኳር ውሃ ከረሙ።
ጠጁ ቢፈላም ዝም አለኝ።
ከፒያሳ ሱቅ አንዲት ጠብታ ገዝቼ
የአምናውን ሽታ አበደርኩት» አለችኝ።

በቀኜ ስልኩን እንደያዝኩ በግራዬ ጻፍኩ፦
«የተጨመረ አለበት።»
ከፊርማዬ በታች፣ ለማንም ቦታ በሌለበት፣
«አበባው ሲያጋድል ድጋሚ ይመርመር» አልኩ።

ከመክደኔ በፊት አንዴ አሸተትኩት።
አምናን ይመስላል፤
መስታወት ውስጥ የቆመ አምና።

ማታ ሐረጎን ስንወጣ፣ በሦስተኛው እጥፋት ላይ፣
ሚኒባሱ ወደ ግራ ሲጥለኝ
የወንበሩን ብረት አልያዝኩም።