የበያጁ ማኅተም

ከባልቲክ ዳር፣ ከግዲኒያ፣ ጭጋግ ባዘለ ማለዳ
ቦጉሚል ደጄን አንኳኳ፣ ደረቱን ይዞ እንደ ዕዳ።
አርባ ዓመት መርከብ የበየደ፣ ብረት ከብረት ያጋባ፣
ዛሬ የሸሚዙ ቁልፍ አቅቶት፣ እያፈረ ነው የገባ።

መጀመሪያ የከዳው ዓይኑ ነው፤ የግራው ቆብ ወርዶ ቀረ፤
አለቃው «ጠጥቶ ነው» አለ፤ ሠራተኛ ማኅበሩ ተከራከረ።
ሲመሽ መንጋጋው ይለግማል፤ ዳቦውን አኝኮ አይጨርስም፤
ሉድሚዋ ከጓዳ ስትጣራ፣ «አቤት» ይላል፣ ድምፁ አይደርስም።

ታይመስ ይሉታል ዕጢውን፤ የሕፃንነት መምህር ነው፣
የደምን ወታደር ሰብስቦ፣ «ወዳጅህን ለይ» የሚለው።
ልጅ ሲጎረምስ ግን ያ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤
መምህሩ ስብ ተከናንቦ፣ ከልብ ደጃፍ ያንጎላጃል።
የቦጉሚል መምህር ነቃ፣ በስድሳ ሦስት ዓመቱ፤
ያስተማረው ወታደር ሁሉ፣ ተኮሰ በገዛ ቤቱ።
ከሚሊዮን አንድ ሁለት ሰው ቢያገኘው ነው ይህ ነገር፤
«ሎተሪ» አለ እየሣቀ፣ «ቆርጬ አላውቅም ነበር።»

ሐኪሙ ቀዶ አወጣው። አንዲት ጠርዝ ግን ቀረች፣
እንደ ሽንኩርት ልጥ የሳሳች፣ ከደም ሥር የተጣበቀች።
ቢላዋ የፈራትን ጠርዝ፣ ለእኔ ጨረር ተዉልኝ፤
ሃያ ስምንት ቀን ቆጥረው፣ ደረቱን አደራ ሰጡኝ።

ሦስት ሰማያዊ ነጥብ ነቀስሁት፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት ያነሱ፤
እንደ ምርኮኛ ተንጋለለ፣ እጁን አሻግሮ ከራሱ።
«ጭምብልሽስ?» አለኝ፣ «ሌሊት ዓይንሽ አሸዋ ይሞላል።»
«የእኔ ብርሃን» አልሁት፣ «በማን ዓይን ይታያል?»
«ታዲያ ስፌቱን በምን ለየሽው?»
                «በሒሳብ፤ ልብህን ሸሽቼ፣
ሳንባህን ‹ጥቂት ታገሠኝ› ብዬ፣ በሚሊ ሜትር ለምኜ።»
ዝም አለ፤ ከዚያ በቀስታ፦ «እኛም ጋ እንዲያው ነው፤
ብየዳ መሀሉ አይከዳም፤ የሚከዳው ጠርዙ ነው።»

ወፍራሙ በር ይዘጋል። እኔ ከስክሪኑ ማዶ
«ትንፋሽህን ያዝ» እለዋለሁ፤ ይይዛል፣ ከመርከብ ሆድ ለምዶ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጉሮሮው በጨረር ነደደ፤
ምራቁን መዋጥ እንኳ፣ ጠጠር የመዋጥ ያህል ከበደ።
ሉድሚዋ ከኮሪደሩ ጥግ፣ የድንች ሾርባ በፔርሙስ፣
ቆማ ታቀዘቅዛለች፣ እፍ እያለች፣ ሳታለቅስ።
ያቃጠልሁት እኔው ነኝ። ይህን ግን ማንም አላለኝ።

በመጨረሻው ቀን ሸሚዙን ቆለፈ፤ አንዱን ቁልፍ ሳተው።
«በእኛ ወደብ» አለኝ፣ «በያጅ ሁሉ ማኅተም አለው፤
ከስፌቱ ጎን ቁጥሩን በመዶሻ ይመታል፤
መርከቡ ባሕር ላይ ቢሰነጠቅ፣ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል።»
ሦስቱን ነጥቦች በጣቱ ነካ።
«ይህ ያንቺ ነው።»

ምን ልበለው? ይህ ዕጢ ታጋሽ ነው፤
ዓሥር ዓመት አድፍጦ፣ የሚመለስ አለው።
«በየስድስት ወሩ ና» አልሁት።
«እመጣለሁ» አለ፤
ሉድሚዋ የጠራት መስሏት፣
ከኮሪደሩ ጫፍ «አቤት» አለች።