ሠላሳ ኪሎ

ከአልጋሽ ሥር ወጣች ያቺ የሻንጣ ሚዛን፣
መንጠቆዋ ዝጎ፣ ፊቷ ተጫጭሮ፣
ሠላሳ ላይ በቀይ ተሠምሮባት፤
የጥፍር ቀለም ነው፣ የማዳም ትራፊ፣
ያንቺን ጥፍርማ በረኪና በልቶት
ቀለም የሚይዝበት ቦታ የት ነበረው?

ፈሃሂል፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ኤሲው በሚያንጠባጥብበት ጠባብ በረንዳ
አገር ቤት የሚሄድ ሁሉ ሻንጣውን ጎትቶ ይመጣል።
«ስቀይው እስቲ» ትያለሽ፣ «ኤርፖርት ከማልቀስ
እዚህ እኔ ፊት ማፈር ይሻላል።»
ሲበልጥ ሻምፖ ታስወጫለሽ፣
ሲጎድል ከቁምሳጥንሽ የልጅ ካልሲ ትጨምሪያለሽ፤
ጎደሎ ሻንጣ አትወጅም፣
«የሚጠብቅ ልጅ አለ» ትያለሽ።

ዘይነባ ይማም፣ የሐርቡዋ፣ እናቴ፣
ለአክስቴ ሰጥተሽኝ የሄድሽ በስድስት ዓመቴ፣
«ሁለት ዓመት ብቻ» ብለሽ አሥራ አራት የቆየሽ፤
ሞተሻል ብዬ አልዋሽም፣ በወጉ አላሳደግሽኝም።
ኧረ ጭራሽ አላሳደግሽኝም።
እናት ማለት ለኔ ካርቶን ነበር፣
ስሜ በጥቁር ማርከር የተጻፈበት፤
የዱቄት ወተት፣ ብርድ ልብስ፣
አንድ ቁጥር የጠበበ ጫማ
(እግሬ ማደጉን ማን ይንገርሽ?)
በወር አንዴም በጎረቤት ስልክ፣
«በላሽ? አጠናሽ? አክስትሽን እሽ በያት»
ካርዱ አለቀ።

ከዚያ እኔም መጣሁ።
በሩን ከፈትሽ፣ ተጨባበጥን፣
እንደ ሁለት እንግዳ፤
የሁለታችንም እጅ የሰው ቤት ሳሙና ሸተተ።

ኢልሃም ስትወለድ ግን ሌላ ሰው ሆንሽ።
አሳንሰሩ በቆመ ቁጥር፣ በዚያ በሚያምሽ ጉልበት፣
አራት ፎቅ አዝለሻት ወጥተሽ፣
ትኩሳት በያዛት ሌሊት የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ነግቶብሽ፣
ከአገር ባስመጣነው ገበታ ፊደል ስትቆጥር
ከጎኗ ተቀምጠሽ አብረሽ ቆጥረሽ፣
በስልሳ ዓመትሽ ስምሽን ጻፍሽና
ፍሪጁ ላይ ለጠፍሽው፣ «ይ»ን ገልብጠሽ።
ቀናሁ።
አዎ፣ በገዛ ልጄ ቀናሁ።

በነሐሴ፣ አየሩ እርጥብ ፎጣ ሆኖ ፊት ላይ በሚጣልበት፣
ኢቃማሽ ገና ሦስት ወር እየቀረው
ሄድሽ።
አጣቢዋ «ቀላል ናት» አለች።
ሱለይቢኻት አሸዋ ላይ ቁጥር ሰጡሽ፤
ዕድሜሽን በቁጥር ስትኖሪ ኖረሽ
አንድ ሌላ ጨመሩልሽ።

በሦስተኛው ቀን ፈዋዝ መጣ፣
ያ አንቺ ያሳደግሽው።
ዲሽዳሻው በራፉን ሞላው፤
ጢሙ ሽበት የጀመረው ትልቅ ሰው
ፍራሻችን ላይ ዝቅ ብሎ
«ዩማ ዘይነብ» እያለ አለቀሰ።
ጠላሁት።
ጀርባሽን እሱ ወስዶ
ለኔ ኪሎውን የላከ መሰለኝ።
ፊቱን ጠረገና፣ ትርጉሙን ሳያውቅ፣
«ቦርከና» ላይ ምላሱ እየተሰናከለ፣
ዓይኑን ጨፍኖ አንጎራጎረ፤

      ቦርከና ሞላና እማ ማዶ ቀረች

እዚያ ላይ ቆመ።
«ከዚህ ወዲያ አላውቀውም፣ ይወስደኝ ነበር እንቅልፍ» አለ።
ኢልሃም ከወጥ ቤቱ በር፣ ቴምሩ አፏ ውስጥ እንዳለ፣

      ውሃው ሲጎድልላት እመጣለሁ አለች

እኔ ይህን ዜማ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።
ለማን እንደወጣ ግን
ሰው መጠየቅ አላስፈለገኝም።
ባሕሩን ቦርከና ብለሽ፣
የሰው ልጅ አዝለሽ፣
ማታ ማታ በዚህኛው ዳር ቆመሽ...

ተነሥቼ ለፈዋዝ ውሃ ቀዳሁለት።

ሲመሽ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ልጅ፣
ከመንገፍ ድረስ ሻንጣ ጎትታ፣ ላብ በላብ ሆና።
አልሰማችም።
«እማማ ዘይነባ አሉ?»
ሚዛኗን አንሥቼ በረንዳው ላይ ሰቀልኩ፤
መርፌዋ ተንቀጥቅጣ ቀዩን መስመር አለፈች።
ሠላሳ አንድ።
«ሻምፖውን አውጭው» አልኳት።
ስታወጣው ጎደለ።
ቁምሳጥንሽን ከፈትኩ።