ይርሳው አይረሳም

ከፒያሳ ወረድ ሲሉ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣
አንድ ጠባብ በር አለች፤ እሷ ናት የኔ ዙፋን።
ሁለት ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ጥግ ላይ አንድ አግዳሚ፤
ከአስር ሰው አንዱ ተላጪ፣ ዘጠኙ የኳስ ታዳሚ።

ማለዳ ሱቁን ስከፍት ኑሪ ይደርሳል ቀድሞ፣
ከአዲስ ዓለም በእግሩ መጥቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፤
«እንዴት አደርክ» አይልም እሱ፤ «የአምበላችን ጉልበት ተሻለው?»
ይለኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ እኔ ያሸሁት ይመስለው።

ማንጠግቦሽ ትከተላለች፣ የቆሎ ቅርጫቷን ይዛ፤
ስኒዋ ትንሽ ናት፣ ግምቷ ግን ሁልጊዜ የበዛ።
«እሁድ አራት ለባዶ ነው! ከዚህ ካነሰ ጥሩኝ!»
ሰኞ ስንጠራት ታዲያ፦ «ቆሎ ነው የምሸጠው፣ ተዉኝ።»

መሪጌታ ከልካይም አሉ፤ ፂማቸው መቀስ አያውቅም፤
ስምንት ዓመት ሲመላለሱ ሰባራ ሳንቲም አላየሁም።
ጨዋታን እንደ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ይፈቱታል፤
«ሰሙ ማቀበል ነው» ይላሉ፣ «ወርቁ አሠልጣኙን ይነካል።»

ከሁሉ ግን ይርሳው ነበር፣
የባጃጅ ሹፌር፣ የነገር።
ይርሳው ብሎ ስም ያወጣ ምን አስቦ እንደሁ አላውቅም፤
ከስድስት ዓመት በፊት የሳትነው ፍፁም ቅጣት እንኳን ከአፉ አይጠፋም።
ነጭ ስንል ጥቁር ነው፣ ጎል ስንል «መስመር አላለፈም»፤
ዳኛ የሚወድ ደጋፊ ከእሱ በቀር አላየሁም።
ማሊያው የኛ፣ ልቡ የኛ፣ ምላሱ ብቻ የባዕድ አገር፤
ባሸነፍንበት ቀን ራሱ «ዕድል ነው» ብሎ ሲናገር
ኑሪ ሜትሩን ይወረውራል፣ ማንጠግቦሽ ወደ ሰማይ ታያለች፤
«ይህን ሰው ካራቅህልኝ ሻማ ይዤ እመጣለሁ» ትላለች።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ቀረ።
ባጃጁ አዘዞ መንገድ አልታየ፣ ስልኩም ዝግ ነበረ።

እሁድ ለት አሸነፍን፤
በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ፣ ተስፋ ቆርጠን ወደ በሩ ስናዘግም፣ ስንል ዘንበል ቀና፣
ድምፃችን ከስታዲየሙ አልፎ ቀሃ ድረስ ወረደና
ሰኞ ጠዋት ተሰበሰብን።
«ጎል ነው» አለ ኑሪ። «ጎል ነው» አልኩ። «ጎል ነው እንጂ» አሉ መሪጌታ።
ከዚያ ዝም። ያን ያህል ሰው፣ አሸንፎ፣ እንደ ተረታ።
የመቀሴ ድምፅ ጎላ፤ ዝንቧም አልፋ ተሰማችኝ፤
ማንጠግቦሽ «ሻማውን ትቻለሁ» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ሐሙስ ወሬው ደረሰን፤ ሆስፒታል ነው፣ ጉሮሮው ተከፍቶ፤
እብጠቱን አውጥተውለታል፤ ድምፁ ግን ይመጣል፣ ቆይቶ።
መቼ? አላሉም።
መሪጌታ ከጥምጥማቸው እጥፋት ድፍን ሁለት መቶ አወጡ፤
ለካ ገንዘብ ነበራቸው! ብለን እርስ በርስ ተያየን፣ እሳቸው ቶሎ ወጡ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ በሬ ላይ አንድ ሰው ቆመ፤
አንገቱ በክለቡ ሻርፕ እስከ ጆሮው የተጠመጠመ።
ቦታ ለቀቅንለት። ሳቅንለት። ምን ይባላል እንግዲህ?
ኑሪ፣ ሰውዬው የደነቆረ ይመስል፣ «ያቺን ጎል ማየት ነበረብህ!»
ብሎ ጮኸ። ይርሳው ራሱን ነቀነቀ። አፉን ከፈተ፤
እንደ ተነፈሰ ጎማ ትንፋሽ ብቻ ወጣ፤ ፊቱ ጨለመ፣ ተቆጣ፣ ብድግ አለ፤
ከምላጨው ሰው ጉንጭ ላይ አረፋውን በጣቱ ዛቀ፣
መስታወቴን ተጠጋና፣ በትልልቅ ፊደል፣ እያለከለከ፣
ኦፍሳይድ ነው
ብሎ ጻፈ።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ!
«የት የቆመው? ማን የቀደመው? አንተ ተኝተህ በየት አየኸው?»
ኑሪ ሜትሩን መሬት ዘርግቶ የተከላካዩን እርምጃ ሲለካ፣
ማንጠግቦሽ ቆሎ ደርድራ አጥቂውን በሽንብራ ስትተካ፣
መሪጌታ ግን መስታወቱን ሲያዩ ቆዩ፤ ፂማቸውን ያዙ፣
«ወርቁ ‹አለሁ› ነው» አሉ ቀስ ብለው። ማንም አልሰማም፤ ጩኸቱ ነበር ብዙ።

አረፋው ደርቋል ዛሬ።
ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ግንባሩ ላይ ተጽፎ ያየዋል፤
«ኧረ አጥፋልኝ» ይለኛል።
«ድምፁ ሲመለስ» እለዋለሁ፣ «ራሱ መጥቶ ይሟገትሃል።»