ፀሐይ በግራ ጉንጭ

ገመድ ጣዩ ወረኛ፣ የሰው መሬት ሲለካ ኖሮ፣
ሱሃ ዳር ተገኘ፣ በገዛ ገመዱ ታስሮ፤
አንገቱ ላይ ሦስት ዙር፣ ጥፍሩ ሥር ጭቃ ቋጥሮ።

ከዲማ በታች ያለው አገር፣ ሾላው ሥር ተሰበሰበ፤
አውጫጭኝ ተጣለ፤ ሦስት ቀን ከብት በጋጣው ተራበ፣
ማንም ሳይነሣ ሳይሄድ፣ አንዱ አንዱን እየታዘበ።
“አላየሁም” ይላል ባላገር፣ መስቀሉን መትቶ ይምላል፤
“አልሰማሁም” ይላል ቀጣዩ፣ ወደ ቦታው ይመለሳል።
አንዲት ሴት ብቻ ከዳር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አርጋ፣
“ምን ገደለው ትላላችሁ? ድንበሩ ነዋ!” አለች፣ ረጋ፣
ረጋ ብላ፤ ሽማግሌው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤
“እውነት ነው፤ የመሬት ነገር፣ ስንቱን ሰው አስተላለቀ!”

በአራተኛው ቀን ሌባ ሻይ መጣ፤ መድኃኒት ተጋተ ልጅ፤
ቢለቁት፣ እንደ ሰከረ ጥጃ፣ ተደፋ ከእንጉዳይ ደጅ።
እንጉዳይ ሸክላ ሠሪ ናት። “ቡዳ!” አለ አገር ባንድ አፍ፤
ተነሣ ድንጋይ ከየደጃፍ።
“ቆዩ” አሉ የኔታ በትረ ጽዮን፣ ዓይነ ሥውሩ የቅኔ መምህር፤
“እስከ ሰንበት ዓይን ትሁነኝ፤ ካጣሁ፣ ድንጋይ አያጣም አገር።”

እኔ ነበርሁ የበትራቸው መሪ፣
አሥራ አራት ዓመቴ፣ ፊት ፊት እየሄድሁ ጉድጓድ ነጋሪ።

እንዴት ያለ ጥንድ ነበር! እርሳቸው ከቃል ሌላ አያምኑ፣
እርሷ ቃል ሲበዛ ታዛጋለች፤ “ጭቃ አይምልም፤ እሱን ይመኑ።”
ከእጇ ውኃ አይጠጡም፤ “ጾመኛ ነኝ” ነው ምላሻቸው፤
“የቤተ ልሔሙን ጋን ማን ሠራው ታዲያ?” ብላ ሳቀችባቸው።

ከሟች ጥፍር ያወጣችውን፣ በምራቋ አርሳ ለወሰችው፤
በሁለት ጣት አድበልብላ፣ ምላሷ ጫፍ ላይ አኖረችው።
“ይኼ አፈር እሳት አይችልም፤ እቶን ሲገባ ይሰነጠቃል፤
አንድ በጋ ስድስት ማሰሮ በልቶብኛል፤ አውቀዋለሁ፤ ያውቀኛል።
ከሱሃ ማዶ፣ ከምንጩ በላይ፣ ካንድ ማሳ ነው የሚገኝ፤
እንሂድና ይዩት።” “ልዳስሰው” አሉ፤ “በል አንተ፣ ምራኝ።”

መራኋቸው። ያን ማሳ፣ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤
በዚያ ጭቃ ላይ ድኼ፣ በዚያ ጭቃ ላይ ቆሜአለሁ።
ስለዚህ ቁልቁል ጠምዝዤ፣ ወደ ሌላ ወንዝ፣ ወደ ሌላ መንደር፣
እያዜምሁ ወሰድኋቸው፤ እየቆጠርሁ የሌለ ድንበር።
እንጉዳይ ከኋላ ናት፤ አየች፤ ምንም አልተነፈሰች፤
ተረከዜ ንቃቃት ውስጥ የደረቀውን ጥቁር አፈር፣
መንገዱን ሙሉ አነበበች።

የኔታ ቆሙ። በትሩን ተከሉ። “ልጄ፣ ጧት ነው አይደል?” አሉ።
“አዎ የኔታ።” “ወደ ሰሜን ነው የምንሄደው አይደል?” አሉ።
“አዎ።” “ታዲያ ለምን ፀሐይ ግራ ጉንጬን ትልሰዋለች?”
ወፍ እንኳ በዚያች ሰዓት፣ አፏን ዘግታ ነበረች።

ተቀመጡ። “እንጉዳይ፣ ውኃ” ብለው እጃቸውን ሰጡ፤
በሸክላ ጥዋዋ ቀዳች፤ እስኪያልቅ ድረስ ጠጡ።
ከዚያ፣ እንደ ወትሮው ትምህርት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
“ሾላው ሥር አንዲት ሴት ቅኔ ዘርፋለች፤ ሰምተሃል፤ በል ፍታው።
‘ድንበሩ ነዋ’ ነው ያለችው። ሰሙን አገር ሁሉ አኘከው፤
ወርቁ ግን ከአንተ ዘንድ ነው።”

ድንበሩ ያባቴ ስም ነው። ያች ሴትዮ እናቴ ናት።
ገመዱ ከማሳችን እኩሌታውን ቆርጦ የሄደ ለት፣
አባቴ ራቱን አልበላም፤ ተነሥቶ ወጣ በሌሊት።

እንጉዳይ ምንም አላለች፤ ጥዋዋን በሣር ጠረገች፤
ለሰንበት ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ በጣቷ መሬቱ ላይ ሁለት ጫረች።

ተነሣሁ። የበትሩን ጫፍ ያዝሁ። ያባቴን ደጅ በልቤ ተሰናበትሁት፤
ፀሐይቱን ቀስ አድርጌ፣ ወደ ቀኝ ጉንጫቸው መለስኋት።