ሦስተኛው ውሃ

የራሽት ዝናብ ከማታ ጀምሮ ጠዋትም አላባራ፣
አባቴ ሁለት ጆንያ ይዞ መጣ፣ በረንዳው ላይ ጭቃ እየዘራ፤
ድንብላል፣ ናና፣ እንስላል፣ በሶብላ፣ ባሮ ሽንኩርት ከነሥሩ፣
ፍጅሉም ቀይ ጉንጩን ሸፍኖ ከነአፈሩ።
ነገ የአያቴ አርባ ነው፤ ስልሳ ሰው ይበላል፣
ቅጠሉ አሸዋ ከያዘ እንግዳ ምን ይላል?

እናቴ ማህሊቃ በዚህ፣ የአጎቴ ሚስት ሹኩህ በዚያ፣
መሀላቸው የቆርቆሮ ገንዳ፣ እንደ ድንበር መለያ።
አያቴ ሳይሞት ባካፈላት የሩዝ ማሳ
ባሎቹ ተጣልተው ታርቀዋል፤ የሚስቶቹ ቂም ግን አልተነሳ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ባልዲ አቀባይ፣ ቃል አቀባይም።
«ንገሪያት» ትላለች እናቴ — ሴትየዋ አንድ ክንድ አትርቅም —
«ንገሪያት፣ የጠቆረው ናና ይለቀም፣ አይበላም።»
ሹኩህም ለግድግዳው፦ «ንገሪያት፣ ናና መልቀም ከሷ አልማርም።»
ሁለቱም ሰምተዋል። ቢሆንም ነገርኩ፤ አንድ ቃል አልቀነስኩም።

የመጀመሪያው ውሃ የወንዝ ሙላት መሰለ፣
ገለባ፣ ላስቲክ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አዘለ።
አፈር ግን ብልጥ ነው፤ አይንሳፈፍም፣ ዝቅ ይላል፣
ውሃውን ከነቅጠሉ የደፋ ጭቃውን መልሶ ያለብሳል፤
ቅጠሉን ነው ማንሳት፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ተኛ ልጅ፣
አፈሩ እንዳይነቃ፣ በሁለት እጅ።
ይህን ያስተማረችኝ ከሁለቱ አንዷ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች ጠፋኝ፣
እስከ ክርናቸው ሲነከሩ የማን እጅ የማን እንደሆነ አሳሳተኝ።

ለሁለተኛው ውሃ ጨው ይጨመራል፣ የተደበቀ ትል እንዲወጣ።
እናቴ አንድ እፍኝ በተነች፤ በር ተንኳኳ፣ ልትከፍት ስትወጣ
ሹኩህ አንድ እፍኝ። እናቴ ተመልሳ፣ ረስታ፣ ሌላ ደገመች።
ገንዳችን ካስፒያን ባሕር ሆነች።
አይቻለሁ። ግን «ንገሪያት» ያለኝ የለም፤
ቃል አቀባይ ያልተላከበትን አይናገርም።

ድንገት ከድንብላሉ መሀል፣ አውራ ጣት የማታህል እንቁራሪት
ዘላ ሹኩህ ጭን ላይ! ጨው ነው ያስመረራት።
«ያዢያት!» አለች እናቴ።
«አንቺ ያዢያት!» አለች ሹኩህ፣ ገንዳው ላይ ልትወድቅ ምንም ሳይቀራት።
በሰባት ወር ውስጥ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።
እንቁራሪቷ ወደ ዝናቧ ሄደች። የሳቀ የለም።
ሹኩህ ውሃውን በጣቷ ቀምሳ፦ «ማነው ይህን ሁሉ ጨው?»
ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።
«እናንተ» አልኩ።

ሦስተኛው ውሃ ጠራ፤ የገንዳው ዝገት ታየ፣
በሬንጅ የተደፈነው ቀዳዳም ከዝገቱ ተለየ።
የእናቴ አንሶላ አልበቃ ብሎ ሹኩህ የራሷን አመጣች፣
ቅጠሉን አሰጣች፣ እጇን ጠረገች፣ ወጣች።
ታረቁ አልልም። ታረቁ የሚል ያጋንናል።

በማግስቱ ስልሳ ሰው ምንጣፉን ከቦ ሲበላ
የአያቴ ወንድም ፋራማርዝ፣ አይብ በናና ጠቅልሎ፣ አፉን ሞላ፤
ቋ!
«አሸዋ» አለ።
ማንኪያው ሁሉ ቆመ።
እናቴ ከሳሎን፣ ሹኩህ ከማድ ቤት፣ በአንድ ትንፋሽ፦
«ሦስት ጊዜ አጥበነዋል!»

አጥበነዋል።
እኔ በመሀላቸው፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ሰሃን ይዤ ቆሜ ነበር፤
የላከኝ የለም።
ፋራማርዝ አሸዋዋን ከምላሱ አንስቶ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ አኖራት፣
ናናውንም ደገመ።