የሚከራይ ክፍል

ደላላው ጉልላት፣ ቁልፍ እያቃጨለ፣
«ፒያሳ መሀል ላይ አንድ ክፍል አለ፤
ውሃው አይጠፋበት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፤
ከሱቅህ በእግርህ አምስት ደቂቃ ነው» አለ።
እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ ደቂቃ አልንቅም፤
በታክሲ ሰልፍ ያለቀ ዕድሜ አይመለስም።
ተከተልኩት።

የእንጨት ደረጃ ነው፤ ሲረግጡት ያቃስታል።
የበረንዳው ብረት የጣልያን፣ ዝገቱ የራሳችን።
ከበሩ መቃን ላይ፣ በስንት ዘመን ቀለም የታፈነ ቁጥር፣
በጣት ካልዳሰሱት በዐይን የማይቆጠር።

እትዬ አስካለች ከወንበር ሳይነሱ፣
«ግባ ልጄ» አሉኝ፣ መነጽር እያበሱ።
«አባቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ ይህን ወለል ነበር የሚወለውለው፤
የጣልያን ሹም ቤት ነው፤ ማታ ፊሽካ ሲነፋ ወንዙን ተሻግሮ ነው የሚያድረው።
በካርታ ላይ በቀይ እርሳስ አስምረው፣
ይህ ለነጭ፣ ያ ለአገሬው ብለው፣
ከተማን እንደ ጣቃ ቀደዱት።
አንድ ቀን ፊሽካው አመለጠው።
ከደረጃው ሥር፣ ከሰል መሀል አደረ፤
በገዛ አገሩ ትንፋሹን እንዴት እንደቆጠረ
እስኪሞት ይነግረን ነበረ።»

ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ የኔም ጉሮሮ ተያዘ።
ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና
«ስምህን ማን ልበል?» አሉ።
ነገርኳቸው።
«ያባትህስ?»
ነገርኳቸው።
«ያያትህስ?»
ያኔ ገባኝ፤ ስም እየጠየቁኝ አልነበረም፤
ካርታ እያነበቡ ነው፤ ቀይ እርሳሱ ግን ከእጃቸው አይታይም።

ጉልላት ሳል መጣው፤ ቁልፉን አገላበጠ፤
«እኔ ዋስ ነኝ» አለ፣ ድምፁ ግን ሰመጠ።
እሳቸው በለሆሳስ፣ ክፉ ላለመሆን እየተጠነቀቁ፣
ክፍሉን ለእህታቸው ልጅ አስበውት እንደነበር አስታወቁ።
ከዚያ ኪራዩ ጨመረ፤ ከዚያ የስድስት ወር ቅድሚያ፤
ከዚያ፣ «የናንተ ሰዎች የሚበዙበት ሰፈር አለ አይደል፣ ከአውቶቡሱ መጨረሻ ወዲያ?
እዚያ ይደላሃል።»

ይደላኛል።
ሚስቴም ይህንኑ ብላለች።
እዚያ ስሜን ሲጠሩ ምላስ አይደናቀፍም፤
ልጄ በእናቷ ቋንቋ ዳቦ ገዝታ ትመለሳለች፤
ለቅሶ ቢመጣብኝ ድንኳን ተካይ አላጣም።
ግን ከአጥሩ ውጭ አንድ እንግዳ ሻንጣ ይዞ ሲቆም፣
«ያባትህስ?» የምለው እኔ እንዳልሆን፣
አልምልም።

ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ፤ አራት ተኩል ላይ ደርቋል።
«የጣልያኑ ነው» አሉ፤ «አባቴ ነበር የሚሞላው።»
ሙያ አያስቀምጥም። ወንበር ስቤ ወጣሁ፤
ጀርባውን ከፈትኩ፣ አቧራውን እፍ አልኩ፣ አንዲት ላላ ያለች ብሎን አጠበቅሁ።
ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።
እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።
ከየት መጣ፣ ማን ሠራው፣ ያያቱ ስም ማነው፣ አልተባለም፤
መሄዱ ብቻ በቃ።

ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆምኩ።
ወንዙ ያ ነው? የሳሙና ውሃና ፌስታል፤
ልጅ እንኳ ዘልሎ ይሻገረዋል።
ኪሴ ያለው ቀብድ ለሦስት ወር እንጂ ለስድስት አይሞላም።
ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች?
ተመልሼ ልውጣና፣
«የቅድመ አያትህስ?» ቢሉኝ፣
ያን ከደረጃው ሥር ያደረውን ሰው ስም ልጥራላቸው አልኩ።
ዞርኩ። ግማሽ መንገድ ሄጄ ቆምኩ።
ስሙን ለካ አልነገሩኝም።